ሁለቱን ቱቦዎች ጨብጧቸው፦ የትራክተሬ ሂተር ቀዝቃዛ አየር ሲነፋ የደረሰብኝ

ማለዳ ነው። መሬቱ ውርጭ ለብሷል። ትራክተሩን ካስነሳሁ ግማሽ ሰዓት ሊሞላኝ ነው። የሂተሩን ማዞሪያ እስከ ቀዩ ጥግ ወስጄዋለሁ። ፋኑ ባለ በሌለ ኃይሉ ይጮሃል። የሚመጣው አየር ግን ቀዝቃዛ ነው። ለብ እንኳ አላለም። ከውጪው ብርድ የሚለየው በቀጥታ ጉልበቴ ላይ መንፋቱ ብቻ ነው። መስታወቱ በእንፋሎት ታፍኗል። በአንድ እጄ መሪ፣ በሌላው ጨርቅ ይዤ እየጠረግኩ እነዳለሁ።

እንዲህ ሆኜ ሦስት ሳምንት ሠራሁ። ችግሩ ያን ያህል ከባድ ሆኖ አልነበረም። ከማይሆን ቦታ ስለጀመርኩ ነው።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ፋኑን ነበር። ለምን እንደሆነ አሁን ሳስበው ያስቀኛል። ፋኑ እኮ እየነፋ ነው፤ የእሱ ሥራ መንፋት ነው። ሆኖም ፊውዙን አየሁ። ሶኬቱን ነቅዬ አጸዳሁ፣ መልሼ ሰካሁ። ምንም ለውጥ የለም። ከዚያ አንድ ወዳጄ "ቴርሞስታቱ ነው፣ አትድከም" አለኝ። ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚይዝ መዝጊያ ነው። አፉን ሞልቶ ስለተናገረ አመንኩት። ገዝቼ ከነጓርኒሲዮኑ (ውሃ እንዳያፈስ መጋጠሚያው ላይ የሚገባው ማሸጊያ) ቀየርኩ። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። አንዱ ብሎን ተበጠሰና እሱን ለማውጣት ሌላ ግማሽ ቀን ሄደ። በማግስቱ ማለዳ ትራክተሩን አስነስቼ ሂተሩን ከፈትኩ። ያው ብርድ።

በመጨረሻ ዕድሜውን በሞተር ሥር ለጨረሰ አንድ መካኒክ ደወልኩ። ታሪኩን ከመጀመሪያው ጀምሬ ልነግረው ስል አቋረጠኝ።

"ልጄ፣ ቱቦዎቹን ጨብጠሃቸዋል?"

"የትኞቹን ጋሼ?"

"በል ተወው፣ ገባኝ። ሳትጨብጥ ነዋ ቴርሞስታት የገዛኸው።"

ከዚያ በኋላ የነገረኝ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ሦስት ሳምንት የለፋሁበት ነገር በዚያ አምስት ደቂቃ ውስጥ ነበር።

የሂተሩን አሠራር ካወቃችሁ ቀሪው ይቀልላችኋል። የትራክተር ሂተር በአብዛኛው የራሱ እሳት የለውም። ሙቀቱን የሚበደረው ከሞተሩ ነው። ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው ውሃ (ኩላንት ማለቴ ነው፤ ያው ሁላችንም ውሃ ነው የምንለው) ከቴስታታው (ከሞተሩ የላይኛው ክዳን) አካባቢ በአንድ የጎማ ቱቦ ይወጣል። ወደ ጋቢናው ይሄዳል። እዚያ አንዲት ትንሽ ራዲያተር አለች። በአንዳንዱ ትራክተር ጣሪያው ውስጥ ናት፤ በሌላው ከወንበሩ ሥር ወይም ከዳሽቦርዱ ኋላ ትቀመጣለች። ውሃው በውስጧ ሲያልፍ ፋኑ በላይዋ አየር ይነፋል። አየሩ ሙቀቱን ይዞ ወደ እናንተ ይመጣል። ውሃው ደግሞ ትንሽ በረድ ብሎ በሁለተኛው ቱቦ ወደ ውሃ ፓምፑ ይመለሳል። በመንገዱ ላይ አንድ ቫልቭ አለ። በብዙ ትራክተሮች ላይ ማዞሪያውን ስታዞሩ የሚከፈተውና የሚዘጋው እሱ ነው።

ስለዚህ ቀዝቃዛ አየር ሲመጣ ነገሩ ከሁለት አንዱ ነው። ወይ ትኩሱ ውሃ ትንሿ ራዲያተር ጋ አልደረሰም፤ ወይ ደርሶ አየሩ ሙቀቱን ሊወስድ አልቻለም። የትኛው እንደሆነ የሚነግሯችሁ ሁለቱ ቱቦዎች ናቸው።

አጨባበጡም ሥርዓት አለው። በመጀመሪያ ሞተሩ በደንብ ይሙቅ። በሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳትሰጡት ቆሞ እያንኮራኮረ፣ እንዲሞቅ አትጠብቁ። የናፍጣ ሞተር ሥራ ካልሠራ የሚያመነጨው ሙቀት ትንሽ ነው። በብርድ ቀን አንድ ሰዓት በሚኒሞ ቢቆም እንኳ ልኩ ላይ ላይደርስ ይችላል። ሀያ ደቂቃ ያህል ጭነት አሸክማችሁ አሠሩት። ሂተሩን እስከ መጨረሻው ክፈቱ፤ ፋኑን ከፍ አድርጉት። ከዚያ አቁሙ፣ የእጅ ፍሬኑን ያዙ፣ ሞተሩን አጥፉ። እጃችሁን ወደ ውስጥ የምትሰዱት ቺንጊያው (ሞተሩ ላይ የሚዞረው የጎማ ቀበቶ) እና የሞተሩ ፋን መዞር ካቆሙ በኋላ ብቻ ነው። ወደ ጋቢናው የሚገቡትን ሁለት ቱቦዎች ፈልጉ። ውፍረታቸው የአውራ ጣት ያህል ነው፤ ጎን ለጎን ነው የሚሄዱት። መጀመሪያ በጣት ጫፍ ነካ አድርጉ፤ ያቃጥላሉ። ከዚያ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን ጨበጥ አድርጉ።

ሁለቱም እጅ የማያስጨብጡ ትኩስ ከሆኑ ደስ ይበላችሁ። ውሃው እየሄደ እየመጣ ነው። ችግሩ በአየሩ በኩል ነው፤ ወደ ጋቢናው ውጡና እዚያ ፈልጉ። አንዱ ትኩስ፣ ሌላው ቀዝቃዛ ከሆነ ውሃው መግቢያው ላይ ደርሶ ማለፍ አቅቶታል። ቫልቩ፣ አየር፣ ወይም መደፈን ነው። ሁለቱም ቀዝቃዛ ከሆኑ ወደ ሞተሩ ተመለሱ። ውሃው ጎድሏል፣ በመንገዱ ላይ የተዘጋ ነገር አለ፣ ወይም ሞተሩ ራሱ አልሞቀም።

እኔ ስጨብጥ አንዱ እጄን ሊልጠው ደረሰ። ሌላው እንደ ጠዋቱ ብረት ቀዝቃዛ። ሳቄ መጣ። ቴርሞስታቱ ችግር ቢኖርበት ኖሮ ያኛው ቱቦ መች እንዲህ ያቃጥለኝ ነበር? በጨረር የሚለካ የሙቀት መለኪያ ተውሼ ቁጥሩን አየሁት። መግቢያው 78 ዲግሪ፣ መመለሻው 24። መለኪያው ከሌላችሁ አትጨነቁ። ለዚህ ሥራ እጅ ይበቃል።

ቀላሉ ቫልቩ ስለሆነ ከእሱ ጀመርኩ። በእኔ ትራክተር ማዞሪያውን ከቫልቩ የሚያገናኘው ቀጭን ሽቦ ነው። ይህ ሽቦ ከማሰሪያው ሾልኮ ይወጣል፣ ይዝጋል፣ አንዳንዴም ሽፋኑ ብቻ እየተንሸራተተ ሽቦው ባለበት ይቀራል። እናንተ ማዞሪያውን ወደ ቀይ ታዞራላችሁ፤ ቫልቩ ግን ከቦታው ንቅንቅ አይልም። ሰው ጋቢና ውስጥ አስቀምጣችሁ እያዞረ እናንተ ቫልቩን እዩት። የቫልቩ እጅ ከጥግ እስከ ጥግ መሄድ አለበት። የእኔ በደንብ ይሄዳል። አዳዲሶቹ ትራክተሮች ላይ ቫልቩን የሚያንቀሳቅሰው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። እዚያ ፊውዙንና ሶኬቱን ማየት ትርጉም አለው። አንድ ነገር ልጨምር፦ አንዳንዱ ቫልቭ ላይ የውሃውን አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስት አለ። ቫልቩን የሚቀይር ሰው ያንን ቀስት ይይ።

ቀጥሎ ውሃውን አየሁ። ሞተሩ ከበረደ በኋላ ማለቴ ነው። ይህን በቀልድ አትውሰዱብኝ። ትኩስ ራዲያተር ክዳን አይከፈትም። ክዳኑ ውሃውን በግፊት ስለሚይዘው ከ100 ዲግሪ በላይ ሆኖ እንኳ ሳይፈላ ይቆያል። ክዳኑን በከፈታችሁበት ቅጽበት ይፈላል፤ ፊታችሁ ላይ ይፈነዳል። የላይኛውን ትልቅ ቱቦ በእጃችሁ ተጫኑት። ጠንክሮ ከተነፋ ገና ነው።

ውሃው ጎድሎ ነበር። ብዙም አይደለም፤ ሁለት ሊትር ገደማ። ሞተሩ አላማረረም። የሞተሩን ሙቀት የሚያሳየው ጌጅም ልኩን ያሳይ ነበር። ነገር ግን የእኔ ትራክተር ሂተር ጣሪያው ውስጥ ነው፤ ከራዲያተሩም በላይ። ውሃ ሲጎድል አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ከሁሉ በላይ ያለችው ደግሞ ያቺ ትንሿ ራዲያተር ናት። ስለዚህ ጉድለቱን በብርድ ቀድማ የምትናገረው እሷ ናት። እግረ መንገዴን፦ ውሃው በጣም ከጎደለ ጌጁን አትመኑት። ጌጁን የሚመግበው ሴንሰር ከውሃ ውስጥ ከወጣ የሚለካው አየር ነው። ሞተሩ እየነደደ ጌጁ ዝቅ ብሎ ሊታይ ይችላል።

ውሃውን ሞልቼ አስነሳሁ። አሁንም ያው ብርድ። አየሩ በራሱ አይወጣም ነበርና። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ነው።

አየሩን ለማስወጣት ትራክተሩን ዳገት ላይ አቆምኩት፤ አፍንጫው ወደ ላይ ሆኖ። የራዲያተሩ አፍ ከፍ እንዲል ነው። ጎማዎቹን በድንጋይ አስደገፍኩ። የሂተሩን ቫልቭ ሙሉ ለሙሉ ከፈትኩ። የእናንተ ትራክተር ትንሿ ራዲያተር አጠገብ ወይም ቱቦው ላይ የአየር ማስወጫ ብሎን ካለው እድለኞች ናችሁ። በትንሹ ፈታ አድርጉት። መጀመሪያ ፊሽ ይላል፣ ከዚያ ያንጠባጥባል፣ ከዚያ ሳይቆራረጥ ይወርዳል። ያኔ ጥበቁት። የእኔ ያ ብሎን የለውም። ስለዚህ የመመለሻ ቱቦውን ፈትቼ ጫፉን ከጣሪያው ከፍ አድርጌ ያዝኩና በማጥለያ ውሃ ጨመርኩበት። ቀስ በቀስ። ይጉረመረማል፣ አየር ይተፋል፣ እንደገና ይወርዳል። በሌላኛው ጫፍ ውሃ እስኪወጣ ድረስ ጨመርኩ። ቶሎ መልሼ አሰርኩት። ከዚያ ሞተሩን አስነስቼ በደቂቃ ወደ 1500 ዙር አወጣሁትና አሥር ደቂቃ ተውኩት። ራዲያተሩ ዝቅ ሲል ውሃ እየጨመርኩ በመጨረሻ ክዳኑን ዘጋሁ።

ሞቀ! ጃኬቴን አወለቅኩ። ለዚያ ወዳጄ ሁሉ ደወልኩለት።

ደስታዬ ሁለት ቀን ቆየ። በሦስተኛው ቀን ለብ አለ፤ በአራተኛው በረደ። እንደገና ጨበጥኩ። መግቢያው ትኩስ ነው፤ መመለሻው እንደ መጀመሪያው ቀን ባይቀዘቅዝም ለብ ያለ ነው። ውሃው ሙሉ ነው። ስለዚህ ችግሩ አየር ብቻ አልነበረም። የቀረው መደፈን ብቻ ነው።

ሁለቱንም ቱቦዎች ከትንሿ ራዲያተር ነቀልኩ። መሬቱ ላይ ባልዲ አደረግኩ። ማስጠንቀቂያ፦ ኩላንት መሬት ላይ አይፈስስ። ጣፋጭ ነው፤ ውሻና ድመት ይልሱታል፤ መርዝ ነው፤ ይገድላል። ከዚያ የአትክልት ውሃ ማጠጫ ጎማ በመመለሻው በኩል ገጠምኩ። አዎ፣ በተቃራኒው። ቆሻሻው የገባው በመግቢያው ስለሆነ በገባበት ይውጣ ነው ነገሩ። ውሃውን በቀስታ ከፈትኩ። የትንሿ ራዲያተር ቱቦዎች ስስ ናቸው፤ ከፍተኛ ግፊት ይቀድዳቸዋል።

መጀመሪያ ምንም አልወጣም። ከዚያ ቡናማ ጠብታ። ከዚያ ድንገት ትፍ አለና ጭቃ የመሰለ ነገር ባልዲው ላይ ዘረገፈው። ዝገት ነው፤ ከዝገቱ ጋር የተጋገረ ብርማ ዱቄት የሚመስል ነገር አብሮ ወጣ። ያንን ዱቄት ሳየው ወዲያው አወቅኩት። ራሴ ነበርኩ ያስገባሁት።

ታሪኩ ይህ ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ራዲያተሬ በመርፌ ቀዳዳ የምታህል ቦታ ላይ ያንጠባጥብ ነበር። ሥራ በዝቶብኝ ማስበየጃ ጊዜ አጣሁ። እና ያንን ቀዳዳ የሚደፍን ዱቄት ገዝቼ ራዲያተሩ ውስጥ ጨመርኩ። ደፈነ። ግን ዱቄቱ ቀዳዳን ከጠባብ ቱቦ አይለይም። ሂተሯ ደግሞ በሲስተሙ ውስጥ ካሉት ሁሉ ጠባብ ቱቦ ያላት ናት። ይህ አንዱ ጥፋቴ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ለብዙ ጊዜ አንቲፍሪዝ (ውሃው በረዶ እንዳይሆንና ውስጡ እንዳይዝግ የሚጨመረው ፈሳሽ) ሳልጠቀም ተራ ውሃ ስሞላ መኖሬ ነው። ተራ ውሃ ውስጡን ያዝገዋል፤ ውሃው ማዕድን የበዛበት ከሆነ ደግሞ እንደ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ይሠራል። ዝገቱ፣ ቅርፊቱና ዱቄቱ ተጋግዘው ዘጉብኝ።

እየቀያየርኩ አጠብኩ። በመመለሻው፣ በመግቢያው፣ እንደገና በመመለሻው። አርባ ደቂቃ ገደማ። የሚወጣው ውሃ ጥርት እስኪል ድረስ። አንዳንዱ ሰው አሲድ ይጨምራል። እኔ አልመክርም። ትንሿ ራዲያተር አሉሚኒየም ከሆነች ጠንካራ አሲድ ይበላታል። ጋቢናው ውስጥ ከራሳችሁ በላይ የተቀመጠች ነገር መሆኗን አትርሱ፤ ስትቀደድ የሚወርደው እናንተው ላይ ነው። አጥባችሁ ካልተከፈተች መቀየር ነው የሚያዋጣው።

ቱቦዎቹንም ነቅያችሁ እያለ ውስጣቸውን እዩ። በቆየ ጎማ ላይ የውስጡ ንጣፍ ተልጦ እንደ ምላስ ይንጠለጠላል። ከውጪ ሲያዩት ደህና ነው። ውሃ በአንድ አቅጣጫ ሲገፋው ምላሱ ተነስቶ ይዘጋል። እኔ አልገጠመኝም፤ ግን መካኒኩ አንድ ጊዜ ሁለት ቀን ያንከራተተው ይህ እንደነበር ነግሮኛል። ቱቦው የታጠፈበት ቦታ ካለም አስተካክሉት።

ከታጠበ በኋላ ሁሉንም መልሼ ገጠምኩ። አየሩን እንደገና አስወጣሁ። በዚህ ጊዜ አንቲፍሪዝና የተጣራ ውሃ እኩል በእኩል አድርጌ ሞላሁ። አንቲፍሪዙ ኤቲሊን ግላይኮል የሚባለው ከሆነ፣ እኩል በእኩል ሲደባለቅ እስከ -37 ዲግሪ ገደማ በረዶ አይሆንም። ብዙ ባደረግኩ ቁጥር ይሻላል ብላችሁ ንጹሑን እንዳትሞሉ። ንጹሑ ብቻውን በ-13 አካባቢ በረዶ ይሆናል፤ ሙቀት የመሸከም አቅሙም ከውሃ ያነሰ ነው። የተለያየ ዓይነት ኩላንት አትደባልቁ፤ አንዳንዱ ሲቀላቀል እንደ ሙጫ ይረጋል። ያኔ እጥበቱን ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ቀለሙ ተመሳሳይ ስለሆነ ዓይነቱ አንድ ነው ማለት አይደለም፤ የትራክተሩን መመሪያ እዩ።

ልኬቱን ለሚወዱ፦ ከእጥበቱ በኋላ መግቢያው 81፣ መመለሻው 68 ሆነ። ከአየር ማውጫው የሚመጣው 54 ዲግሪ። ክረምቱን ሙሉ በሸሚዝ ነዳሁ።

ስለ ቴርሞስታት ጥቂት ልበል፤ ስሙን አጥፍቼ ብተወው ኃጢአት ነው። ቴርሞስታት ሂተርን ሊያበላሽ ይችላል። ክፍት ሆኖ ከቀረ ውሃው ገና ሳይሞቅ ወደ ትልቁ ራዲያተር እየሄደ ይበርዳል። ምልክቱ ግን ግልጽ ነው። ጌጁ ዝቅ ብሎ ይቀራል፤ በተለይ በብርድና በቀላል ሥራ ላይ ከፍ አይልም። ሁለቱም የሂተር ቱቦዎች ለብ ብቻ ይላሉ። ሞተሩ ገና ሳይሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚሄደው ትልቁ ቱቦ አብሮ መሞቅ ከጀመረ ጠርጥሩት። አውጥታችሁ ድስት ውስጥ ከውሃና ከቴርሞሜትር ጋር አድርጋችሁ አሙቁት። የሚከፈትበት ዲግሪ ላዩ ላይ ተጽፏል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ80 እስከ 90 ባለው መካከል ነው። በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ክፍት ሆኖ ካያችሁት ጥሉት። አንዳንድ ሰው ሞተሩ እንዳይነድ ብሎ ቴርሞስታቱን ጭራሽ አውጥቶ ይጥላል። ያንን ትራክተር ገዝታችሁ ከሆነ ሂተሩ ለምን እንደማይሞቅ አሁን ታውቃላችሁ።

በቀጣዩ ክረምት ሂተሩ እንደገና ደከመ። ልቤ ዝቅ አለ። ባልዲና ጎማ ይዤ ወጣሁ። ደግነቱ ከመንቀሌ በፊት ጨበጥኩ። ሁለቱም እሳት! ባልዲውን አስቀመጥኩ።

ውሃው በሚገባ እየዞረ ነው ማለት ነው። ጋቢና ውስጥ ገብቼ እጄን አየር ማውጫው ላይ አደረግኩ። የሚመጣው አየር ሞቃት ነበር፤ ግን ትንፋሽ የምታህል ናት። ፋኑ ይጮሃል፤ አየር የለም። የጋቢናውን ፊልትሮ አወጣሁ። ፊልትሮ ነው ለማለት ያስቸግራል። አቧራና ገለባ ተጋግሮበት ጡብ ሆኗል። ፊልትሮውን ቀይሬ ትንሽ ተሻለ፤ ግን አልጠገብኩም። የጣሪያውን ሽፋን ስከፍት ዋናውን አገኘሁት። ጋቢናው ኤሲ አለው። የኤሲው ማቀዝቀዣ ከሂተሯ ፊት ነው የተቀመጠው፤ አየሩ ሁለቱንም ያልፋል። በበጋ ኤሲው ሲሠራ ማቀዝቀዣው ላይ ውሃ ይቋጠራል። በፊልትሮው ጎን ሾልኮ የሚገባው አቧራ እዚያ እርጥበት ላይ ይለጠፋል። ሲደርቅ ሊጥ የተቀባ ወንፊት ይመስላል። በለስላሳ ብሩሽና በቀስታ በሚነፋ አየር አጸዳሁት፤ ስሶቹ ላሜራዎች ይታጠፋሉና በኃይል አትንፉ። የፊት መሸፈኛም አድርጉ፤ ያ አቧራ ለሳንባ አይሆንም።

እዚያው ላይ ሳለሁ አንድ የሚያሳፍር ነገር አየሁ። የኤሲው ማብሪያ በርቶ ነበር። በበጋ አብርቼው በዚያው ቀርቷል። አንዱ ያቀዘቅዛል፣ ሌላው ያሞቃል፤ እኔ መሃል ላይ ተቀምጫለሁ። አንድ ጥቅም ግን አለው፦ መስታወቱ በእንፋሎት ሲታፈን ሁለቱን አብሮ ማብራት አየሩን ስለሚያደርቀው ቶሎ ያጠራዋል። ከጠራ በኋላ ኤሲውን አጥፉት። የውጪና የውስጥ አየር የሚቀይረውን መዝጊያም እዩ። ሁሌ ከውጪ የሚስብ ከሆነ ሂተሩ የሚያሞቀው ብርዱን ነው። ሁሌ የውስጡን ካዞራችሁ ደግሞ ከትንፋሻችሁ የሚወጣው እርጥበት መስታወቱን ያፍነዋል። እኔ መጀመሪያ ውስጡን አሙቄ ከዚያ ወደ ውጪ አደርገዋለሁ።

አንድ ዓይነት ጉዳይ ግን በእጥበትም በአየር ማስወጣትም አይፈታም። አየር ታስወጣላችሁ፣ ይሞቃል፣ በማግስቱ ይበርዳል፣ ውሃ ደግሞ ይጎድላል። መሬት ላይ ጠብታ የለም። ይህ ሲደጋገም ማጠቡን አቁሙና የቴስታታውን ጓርኒሲዮን ጠርጥሩ። ጓርኒሲዮኑ ከተበላሸ የሲሊንደሩ ጋዝ ወደ ውሃው ይገባል፤ አየሩን የሚሞላው ሞተሩ ራሱ ነው ማለት ነው። ቀዝቃዛ ሞተር ካስነሳችሁ በኋላ በደቂቃዎች ውስጥ የላይኛው ቱቦ ድንጋይ ከሆነ፣ ራዲያተሩ ውስጥ አረፋ ሳያቋርጥ ከወጣ፣ የጭስ ማውጫው ከሞቀም በኋላ ነጭ ካጨሰ፣ ሂተሩን እርሱትና መካኒክ ጥሩ። ያንን አፍኖ መሥራት ሞተር ያሳጣል። የጋቢናው ወለል ከረጠበና ጣፋጭ ሽታ ከሸተታችሁ ግን ውሃው የሚሄደው በትንሿ ራዲያተር በኩል ነው። መስታወቱም በእንፋሎት ሳይሆን በቅባት መሰል ነገር ይሸፈናል።

የውሃ ፓምፕና ቺንጊያ ላይ አልቆይም። ቺንጊያው ከላላ ወይም ፓምፑ ከደከመ ሂተሩ ነዳጅ ስትሰጡት ይሞቃል፣ በሚኒሞ ይበርዳል። ግን ትንሽ የውሃ ጉድለትም እንዲሁ ያደርጋል። ፓምፑን ከማውረዳችሁ በፊት ውሃውን እዩ።

ሌላ ጥገና ከተሠራ በኋላ ሂተሩ ድንገት ከበረደም ቱቦዎቹ የት እንደተገጠሙ እዩ። አንዱ ውሃ ከሚገፋበት፣ ሌላው ውሃ ከሚሳብበት ነው መሄድ ያለባቸው። ሁለቱም አንድ በኩል ከተገጠሙ ውሃው የሚዞርበት ምክንያት የለውም።

ባለፈው ጎረቤቴ መጣ። የእሱም ሂተር አልሞቅ ብሎታል። "አንተ አዋቂ ሆነሃል አሉ፣ ናማ እይልኝ" አለኝ እየሳቀ። ደረቴን ነፍቼ ሄድኩ። ትራክተሩ ሞቆ ነበር፤ ጌጁም ልኩ ላይ ነው። ጨበጥኩ። ሁለቱም ቀዝቃዛ። ውሃው ሙሉ ነው።

"እስቲ ወደ ሞተሩ እንከተለው" አልኩትና ቱቦውን በእጄ እየዳሰስኩ ወደ ኋላ ሄድኩ። ከቴስታታው በሚወጣበት ቦታ ላይ አንዲት ትንሽ የነሐስ መዝጊያ አለች። በብዙ ትራክተሮች ላይ አለች፤ በበጋ ትኩሱ ውሃ ጋቢናውን እንዳያሞቀው እንድትዘጋ የተሠራች ናት። እጀታዋ በቱቦው ላይ መስቀል ሠርታ ተጋድማለች። ተዘግታለች።

"ይህችን የዘጋት ማን ነው?" አልኩት።

ጎንበስ ብሎ አየ። ዝም አለ። ከዚያ ጣቱን ወደ እጀታዋ ዘርግቶ ግራሶና አቧራ የተጋገረበትን አንድ ቋጠሮ ጠረግ አደረገው። ቀይ ጨርቅ ነበር።

"ብርድ ሲመጣ እንዳልረሳ ብዬ እኮ ነው ያሰርኩት" አለኝ።